በዝናባማ አካባቢ የቤትና የጎተራ ተባዮችን መከላከል

መግቢያ

በጅማ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በሸካ አካባቢዎች የዝናቡ ወራት ከብዙው የአገራችን ክፍል ይልቅ ረዥም ናቸው። በጅማ ዙሪያ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር፣ በጎሬ ዙሪያ ደግሞ ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ይጥላል። ይህ ዝናብ ለቡናው፣ ለእንሰቱና ለበቆሎው በረከት ነው። ነገር ግን ያው እርጥበት ወደ ቤትና ወደ ጎተራ ሲገባ ነቀዝን፣ ሻጋታን፣ አይጥንና ቁንጫን ያራባል።

ብዙ አርሶ አደር በኅዳር ወይም በታኅሣሥ በቆሎውን በርካሽ ዋጋ የሚሸጠው ትርፍ ስላለው ሳይሆን፣ ነቀዝ እንዳይቀድመው ፈርቶ ነው። ያው አርሶ አደር በሐምሌና በነሐሴ፣ ጎተራው ባዶ ሲሆን፣ ከሸጠበት ዋጋ በላይ ከፍሎ እህል ይገዛል። ስለዚህ የተባይ መከላከል ሥራ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡን ከመስከረም እስከ መስከረም የሚያደርስ የቀለብ ጉዳይ ነው።

በየቤቱ «ተባይ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሰውነትን የሚበላው ቁንጫና ቅማል ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ተባይ የምንለው በቤት ውስጥና በጎተራ እየኖረ እህልን፣ ልብስን፣ የሰውን ጤና ወይም ቤቱን ራሱን የሚጎዳውን ሁሉ ነው። የጽሑፉ ዓላማ እነዚህ ተባዮች ለምን እንደሚበዙ ማስረዳትና በአብዛኛው በቤተሰቡ ጉልበት ሊሠሩ የሚችሉ የመከላከያ ዘዴዎችን ማሳወቅ ነው።

1. እርጥበት ተባይን የሚያበዛው ለምንድን ነው?

ደረቅ የሚመስል እህል እንኳ በውስጡ ውኃ አለው። በቆሎ በሚታጨድበት ጊዜ ከ100 ኪሎ ውስጥ ከ20 እስከ 25 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ውኃ ሊኖረው ይችላል። ለረዥም ጊዜ ያለ ጉዳት እንዲቀመጥ ከተፈለገ ግን እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት።

እህል ከአየር እርጥበት ይቀበላል፤ ለአየርም እርጥበት ይሰጣል። በበጋ ደርቆ የገባ በቆሎ በክረምት ጉም በሚውልበት ቤት አፉ ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ ቀስ በቀስ መልሶ ይረጥባል። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ። አንደኛ፣ የረጠበው ፍሬ ስለሚለሰልስ ነቀዝ በቀላሉ ይበሳዋል። ሁለተኛ፣ የተራባው ነቀዝ ሲተነፍስ እህሉን ያሞቀዋል፤ ተጨማሪ እርጥበትም ያወጣል። ሦስተኛ፣ በሞቀውና በረጠበው ክፍል ሻጋታ ይበቅላል። እጅን በጎተራ ውስጥ አስገብቶ ሙቀት የተሰማው ሰው እህሉ መበላሸት መጀመሩን ይወቅ።

ለቁንጫም እንዲሁ ነው። የቁንጫ ትሎች በወለሉ ትቢያ ውስጥ ያድጋሉ፤ አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ይሞታሉ። እርጥብ ወለልና ፀሐይ የማይገባበት ጥግ ለእነሱ ምቹ መራቢያ ነው። ስለዚህ በዝናባማ አካባቢ የተባይ መከላከል የመጀመሪያው እርምጃ መድኃኒት መርጨት ሳይሆን ማድረቅ ነው።

2. ዋና ዋናዎቹ ተባዮችና አመላቸው

ሀ) ነቀዝ

የበቆሎ ነቀዝ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ቡናማ ወይም ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደፊት የወጣ አፍ ያለው ትንሽ ጥንዚዛ ነው። እንስቷ ፍሬውን በአፏ ትበሳና በቀዳዳው ውስጥ አንድ እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያም ከአካሏ በሚወጣ ዝልግልግ ነገር ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። በዕድሜዋ እስከ 150 የሚደርሱ እንቁላሎችን ልትጥል ትችላለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ከፍሬው ሳይወጣ ውስጡን እየበላ ያድጋል። በሞቃትና እርጥብ አየር በ5 ሳምንት ገደማ ሙሉ ነቀዝ ሆኖ ፍሬውን በስቶ ይወጣል። በቀዝቃዛ ደጋ ይህ ጊዜ ይረዝማል።

ከዚህ ሁለት ነገር መገንዘብ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በፍሬው ላይ ቀዳዳ በሚታይበት ጊዜ ጉዳቱ ቀድሞ የደረሰ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ነቀዝ ክንፍ ስላለው ከአሮጌ ጎተራ ተነሥቶ ገና በማሳ ላይ ወዳለው በቆሎ የሚበር መሆኑ ነው። «ነቀዝ ከራሱ ከእህሉ ይፈጠራል» የሚባለው አነጋገር የመጣውም ከዚህ ነው። ነቀዙ ከእህሉ አልተፈጠረም፤ ከማሳ በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ ገብቷል።

ለ) የእህል የእሳት ራት

ይህች የገለባ ቀለም ያላት ትንሽ የእሳት ራት ናት። የሚበላው ትሏ ነው፤ እሱም እንደ ነቀዝ በፍሬው ውስጥ ሆኖ ያድጋል። ለመውጣት ሲቃረብ በፍሬው ቅርፊት ላይ እንደ ትንሽ መስኮት ክብ ምልክት ይታያል። በተፈለፈለና በታመቀ እህል ውስጥ ላይኛውን ክፍል ብቻ ትጎዳለች። ባልተፈለፈለ በቆሎ ግን በራሶቹ መካከል ባለው ክፍተት እየገባች ጎተራውን ሁሉ ታዳርሳለች።

ሐ) ሻጋታ

ሻጋታ ነፍሳት ባይሆንም ጉዳቱ ከሁሉ የሚከፋበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ የሻጋታ ዓይነት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ የጉበት ነቀርሳ ያስከትላል። በመጋገር ወይም በመቀቀል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2004) በምሥራቅ ኬንያ፣ በማኩዌኒና በኪቱይ አካባቢዎች፣ ሳይደርቅ የተከማቸ የራሳቸውን በቆሎ ከበሉ ሰዎች መካከል 317 መታመማቸውና ከእነዚህም 125 መሞታቸው ተመዝግቧል። በቆሎው የመጣው ከሩቅ አገር አልነበረም፤ በየቤታቸው የተቀመጠ ነበር።

የሻገተ በቆሎ «ለጠላ ይሆናል፣ ለቦርዴ ይሆናል፣ ለዶሮ ይበተናል» ማለት የተለመደ ነው። ይህ ስሕተት ነው። መርዙ በመጠጡ ውስጥም ይገኛል፤ ዶሮን ይገድላል፤ ላም ከበላችውም በወተቷ በኩል ወደ ሕፃናት ይደርሳል። የሻገተ እህል መቀበር ወይም ከቤት ርቆ መቃጠል አለበት።

መ) አይጥ

በቤትና በጎተራ አካባቢ ትልቁ የጣሪያ አይጥና ትንሿ የቤት አይጥ ይገኛሉ። አንድ ትልቅ አይጥ በቀን 20 ግራም ያህል እህል ይበላል። በአንድ ቤት 10 አይጦች ቢኖሩ በቀን 200 ግራም፣ በ6 ወር ውስጥ ደግሞ 36 ኪሎ ይበላሉ ማለት ነው። በሽንታቸው፣ በፋንድያቸውና በጸጉራቸው የሚያበላሹት ከዚህ ይበልጣል። አይጥ የፊት ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ እንጨቱን፣ ጆንያውንና ፕላስቲኩን ሳይቀር ይከረክማል። የእርግዝናው ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ስለሆነ ፈጥኖ ይበዛል።

ሠ) ቁንጫና ሙጀሌ

በሰው ወይም በእንስሳ ላይ የሚታየው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። እንቁላሉ፣ ትሉና በድር ተጠቅልሎ የሚያድገው ክፍል የሚገኙት በወለሉ ስንጥቅ፣ በመደቡ ሥርና በአልጋ ልብስ ትቢያ ውስጥ ነው። በድር የተጠቀለለው ለወራት ሳይወጣ ሊቆይና የሰው እግር ኮቴ ሲሰማው ሊወጣ ይችላል። ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ቤት በተከፈተ ቀን ቁንጫው በአንድ ጊዜ የሚነሣው ለዚህ ነው። ሙጀሌም ከቁንጫ ወገን ሲሆን፣ እንስቷ የእግርን ቆዳ በስታ በመግባት እንቁላል ትቋጥራለች። በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሕፃናትን አብዝታ ትጎዳለች።

ረ) ትኋንና በረሮ

ትኋን ቀን በአልጋ መጋጠሚያ፣ በግድግዳ ስንጥቅና በፍራሽ ስፌት ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጣል። ሳይበላ ለወራት መኖር ስለሚችል ቤት ዘግቶ በማስራብ አይጠፋም። በረሮ ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ባለበት፣ ማለትም በምድጃ አጠገብ፣ በእቃ መደርደሪያ ኋላና በውኃ እንስራ ሥር ይራባል። ማታ ከቆሻሻ ወደ ምግብ ስለሚመላለስ የሆድ በሽታ ያስተላልፋል።

3. ቤትንና ግቢን ማድረቅ

ተባይን ከሥሩ ለመከላከል የሚከተሉት ሥራዎች ከዝናብ በፊት፣ በየካቲትና በመጋቢት መጀመሪያ ላይ መጠናቀቅ አለባቸው።

— የጣሪያው ታዛ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የዝናቡን ውኃ እንዲያርቅ ማድረግ። አጭር ታዛ ባለበት ቤት ውኃው ምርጉን እያራሰ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

— በቤቱ ዙሪያ አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮ ውኃውን ወደ ተዳፋቱ መልቀቅ። የቤቱ ወለል ከውጭው መሬት ከፍ ማለት አለበት።

— ከቤቱና ከጎተራው ዙሪያ 2 ሜትር ያህል ቦታ ሣሩን አጭዶ፣ የእንጨት ክምሩንና ቆረቆንዳውን አንሥቶ ባዶ ማድረግ። አይጥ ግልጥ ቦታ ማቋረጥ ስለሚፈራ ይህ ብቻውን ብዙ ይጠቅማል።

— መስኮት ማውጣትና ዝናብ በማይኖርበት ሰዓት ሁሉ በርና መስኮትን መክፈት።

— የግድግዳውንና የመደቡን ስንጥቅ በጭቃና በጭድ መምረግ፣ ወለሉን መደልደልና መለቅለቅ።

ጢስ እህልን በማድረቅና ነቀዝን በማባረር ረገድ መጠነኛ ጥቅም አለው። ከምድጃ በላይ በቆጥ ላይ የሚሰቀለው የዘር በቆሎ በደህና የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ቤቱን ሁሉ ጢስ እንዲሞላው ማድረግ የእናቶችንና የሕፃናትን ሳንባና ዓይን ይጎዳል። ስለዚህ ለዘር የሚሆነውን ጥቂት በቆሎ ማእድ ቤት ሰቅሎ፣ ዋናውን ቀለብ በሌላ ዘዴ መጠበቅ ይሻላል።

4. በቆሎን ማድረቅ

በቆሎ መድረሱ የሚታወቀው ፍሬው ከቆረቆንዳው ጋር በተያያዘበት ጫፍ ላይ ጥቁር ምልክት ሲታይ ነው። ከዚያ በኋላ በማሳ ላይ በቆየ ቁጥር ነቀዝ፣ አይጥና ዝናብ ያገኙታል። ስለዚህ በወቅቱ ሰብስቦ በቤት አጠገብ ማድረቅ ተመራጭ ነው።

በሚሰበሰብበት ጊዜ በቆሎው በሦስት ይመደባል። ሽፋኑ እስከ ጫፉ ድረስ የተዘጋውና ያልተነካው ለዘርና ለረዥም ጊዜ ቀለብ ይቀመጣል። ጫፉ የተከፈተው ወይም ወፍ የነካው ቀድሞ ይበላል። የሻገተውና የበሰበሰው ይወገዳል። ይህ ምርጫ ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ ነገር ግን ነቀዝና ሻጋታ ወደ ጎተራ የሚገቡበትን ዋና በር ይዘጋል።

በጥቅምትና በኅዳር ዝናቡ ሙሉ በሙሉ ስለማያቆም፣ ሽፋኑ የተላጠ በቆሎ አየር በሚያሳልፍ ጠባብ ማድረቂያ ጎተራ ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል። ማድረቂያው ከእንጨትና ከቀርከሃ ይሠራል። ወርዱ ከ60 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከሰፋ ነፋስ መሐሉን አያገኘውም። ረዥሙ ጎኑ ወደ ነፋሱ መዞር አለበት። ጣሪያው ዝናብ የማያስገባ ሆኖ ታዛው ሰፊ ይሁን።

የተፈለፈለ በቆሎ የሚሰጣው በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ፣ በሰሌን ወይም ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ነው። ውፍረቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ በየሰዓቱም ይገላበጥ። ዝናብ ሲያስገመግም ወይም ማታ ሲሆን መሸፈን ያስፈልጋል። ከፀሐይ የተነሣ ትኩስ እህል ወዲያው ወደ ጆንያ አይገባም፤ በጥላ ቀዝቅዞ ነው የሚከተተው።

የጨው ሙከራ፦ እርጥበት የሚለካ መሣሪያ በሌለበት የሚከተለውን ማድረግ ይቻላል።

1ኛ. በደንብ የደረቀ፣ ክዳን ያለው ጠርሙስ ይዘጋጃል።
2ኛ. ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ በፀሐይ ወይም በምጣድ የደረቀ ደቃቅ ጨው ይጨመርበታል።
3ኛ. የጠርሙሱ ሲሶ ያህል በቆሎ ይጨመራል።
4ኛ. ተከድኖ ለአንድ ደቂቃ በኃይል ከተናጠ በኋላ ለ15 ደቂቃ ይቀመጣል።

ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ስለሆነ እህሉ ለመከተት አልደረሰም። ጨው ካልተጣበቀ ከ15 በመቶ በታች ነው። ለረዥም ጊዜ ለሚቀመጥ እህል ግን ከዚያም በኋላ አንድ ወይም ሁለት ተጨማሪ የፀሐይ ቀን መስጠት ይገባል።

እዚህ ላይ አርሶ አደሩ የሚያነሣው ቅሬታ አለ። 20 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ በቆሎ ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ 92 ኪሎ ያህል ይመዝናል። «8 ኪሎ ከሰርሁ» ማለቱ አይቀርም። የሄደው ግን ውኃ ነው፤ አንድ ፍሬ እንኳ አልጎደለም። ወዲያው ለሚሸጥ እህል ይህ ሒሳብ ያሳስብ ይሆናል። ለቀለብ በሚቀመጥ እህል ላይ ግን ያን 8 ኪሎ ውኃ ማስቀረት ማለት ነቀዝን መቀለብ ማለት ነው።

5. ጎተራና ሌሎች የማስቀመጫ ዘዴዎች

ጎተራ ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። በየእግሩ ላይ፣ ከወለሉ ሥር፣ ከቆርቆሮ የተሠራ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ የአይጥ መከላከያ ይደረጋል። አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ተቆርጦ ለዚህ ሊያገለግል ይችላል። ጎተራው ከቤት ግድግዳና ከዛፍ ቅርንጫፍ ቢያንስ 1 ሜትር ካልራቀ፣ ወይም መሰላሉ እንደተደገፈ ካደረ፣ መከላከያው ከንቱ ነው። አይጡ በእግሩ በኩል ሳይሆን በጎን ዘሎ ይገባል።

አዲስ እህል ከመግባቱ በፊት ጎተራው ተጠርጎ፣ ጥራጊው ተቃጥሎ፣ ስንጥቁ ተመርጎ በፀሐይ መድረቅ አለበት። ባዶ ጆንያም በፈላ ውኃ ተነክሮ ይሰጣል። በአሮጌ እህል ላይ አዲስ እህል መድፋት በጣም ጎጂ ልማድ ነው። አንድ ቁና የነቀዘ በቆሎ 10 ኩንታል አዲስ በቆሎ ለማስነቀዝ ይበቃል።

በአካባቢው ከሚታወቁት ዘዴዎች መካከል የሚከተሉት ምክንያታቸው የሚታወቅ ነው።

አመድ፦ የተነፋ ደረቅ የእንጨት አመድ የነቀዙን የላይኛውን ቆዳ እየፋቀ ሰውነቱን ያደርቀዋል፤ በፍሬዎቹ መካከል ያለውንም ክፍተት ይሞላል። ጥቂት እፍኝ በላዩ ላይ መበተን አይበቃም፤ ከእህሉ ጋር በደንብ መደባለቅ አለበት።

ጤፍ መቀላቀል፦ የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ በበቆሎው ፍሬዎች መካከል ያለውን ቦታ ይሞላል፤ ነቀዝም መንቀሳቀሻ ያጣል። በኋላ በወንፊት መለየት ይቻላል።

አየር የማያስገባ ከረጢት፦ ይህ በውስጥ ሁለት ወፍራም የላስቲክ ከረጢቶች፣ በውጭ ደግሞ አንድ ተራ ጆንያ ያለው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ነው። እህሉ ተጠቅጥቆ ይሞላል፤ በላይ ያለው አየር በእጅ ተጨምቆ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ላስቲክ ለየብቻው ተጠምዝዞ በገመድ ይታሰራል። በውስጥ የቀረው ነቀዝ ሲተነፍስ አየሩን ስለሚጨርስ መብላቱንም መራባቱንም ያቆማል፤ በመጨረሻም ይሞታል። ምንም መድኃኒት አያስፈልግም። ጥንቃቄው ሦስት ነው። እህሉ ደርቆ መግባት አለበት፤ እርጥብ ከሆነ በታሸገበት ይበላሻል። ከረጢቱ ከታሰረ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ባይከፈት ይመረጣል። ላስቲኩ በአይጥ ወይም በሹል ነገር እንዳይበሳ ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል።

6. አይጥን፣ ቁንጫን፣ ትኋንንና በረሮን መቆጣጠር

እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ለትንሿ የቤት አይጥ ይበቃታል። ስለዚህ በበሩ ሥር ያለው ክፍተት በቆርቆሮ፣ የግድግዳው ቀዳዳ በድንጋይና በጭቃ ይደፈን። ምግብና ሊጥ ማታ ማታ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። አይጥ ግድግዳን ተጠግቶ ስለሚሄድ ወጥመድ የሚጠመደው በክፍሉ መሐል ሳይሆን ከግድግዳው ሥር፣ የምግቡ ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው። ትልቁ አይጥ አዲስ ነገርን ስለሚጠራጠር ወጥመዱ ሳይወጠር ለሁለትና ለሦስት ቀን ምግብ ይቀመጥበት፤ ከለመደው በኋላ ይወጠር። በአንድ ወጥመድ ከመድከም በብዙ ወጥመድ በአንድ ሰሞን መሥራት ይሻላል። ድመት ታግዛለች እንጂ ብቻዋን አትጨርስም።

አይጥ ሲሞት በላዩ የነበረው ቁንጫ ወደ ሰው ይሸጋገራል። ስለዚህ የአይጥ ዘመቻና የወለል ጽዳት አብረው መካሄድ አለባቸው። የሞተ አይጥ በእጅ ሳይነካ በአካፋ ተነሥቶ ይቀበራል።

ለቁንጫ ዋናው መድኃኒት መጥረጊያና ፀሐይ ነው። የመኝታ ልብሱ፣ ጅባውና ቁርበቱ በሳምንት አንድ ቀን ውጭ ተራግፎ ይሰጣ። ወለሉ በየቀኑ፣ በተለይም ከመደቡ ሥርና ከጥጋጥጉ፣ ተጠርጎ ጥራጊው ይቃጠል። ይህ ሥራ ቢያንስ ለአንድ ወር ያለማቋረጥ መሠራት አለበት፤ ምክንያቱም በድር የተጠቀለለው ቁንጫ ዘግይቶ ይወጣል። ጥጃና ፍየል ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ባያድሩ መልካም ነው። የማይቻል ከሆነ በመካከል ግድግዳ ይደረግ። ለሙጀሌ ሕፃናትን ጫማ ማልበስ፣ እግራቸውን ማታ ማታ አጥቦ መመርመርና የገባችውን በንጹሕ መርፌ ማውጣት ያስፈልጋል።

ለትኋን አልጋው ተፈትቶ መጋጠሚያው በፈላ ውኃ ይቃጠል፤ የመኝታ ልብሱም ይቀቀል። ለበረሮ ደግሞ ፍርፋሪና እድፍ ውኃ ሳያሳድሩ መተኛት፣ ስንጥቆችንም መድፈን ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል።

7. ስለ መድኃኒት ጥብቅ ማሳሰቢያ

ለእህል ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት መድኃኒት መጠቀም ግዴታ ሲሆን፣ ከታወቀ ሻጭ በታሸገ ዕቃ መግዛት፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠንና ከመብላት በፊት የሚጠበቀውን ጊዜ በትክክል መከተል ያስፈልጋል። ማንበብ የሚቸግር ከሆነ የግብርና ባለሙያው እንዲያስረዳ ይጠየቅ። ለማሳ ሰብል የተዘጋጀ መድኃኒት በእህል፣ በመኝታ ወይም በሰው ልብስ ላይ ፈጽሞ አይረጭም። ቀድሞ በየቤቱ ይታወቅ የነበረው ዲ.ዲ.ቲ. በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ከመቆጣጠር በስተቀር ለሌላ ተግባር እንዳይውል ተገድቧል። በእህል ላይ መነስነስ የተከለከለና አደገኛ ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በተለምዶ «የእህል ክኒን» የሚባለው አልሙኒየም ፎስፋይድ ነው። ይህ ክኒን የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዛም ጋዝ ያወጣል። አንድ ባለ 3 ግራም ክኒን 1 ግራም ጋዝ ይወጣዋል። አየሩ እርጥብና ሞቃት ሲሆን ጋዙ ይበልጥ ፈጥኖ ይወጣል። ጋዙ አይታይም። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ ሊኖረው ቢችልም በሽታው መተማመን አይቻልም። ማርከሻ መድኃኒትም የለውም።

ቤተሰቡ በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ ጆንያ፣ ጎታ ወይም ቆጥ ላይ ይህን ክኒን ማስቀመጥ ቤተሰቡን በተኛበት መግደል ነው። ጆንያም ሆነ የጭቃ ግድግዳ ጋዙን አያግደውም። ጋዙ ነቀዝን የሚገድለው ሙሉ በሙሉ በታሸገ ቦታ ለበርካታ ቀናት ሲቆይ ነው። ከሚያፈስ ጎተራ ግን ነቀዙን ሳይገድል ወጥቶ ወደ ሰው ይደርሳል። ስለዚህ ክኒኑን በሠለጠነ ሰው እጅ፣ ሰውና ከብት በማይኖሩበት በተለየ መጋዘን ብቻ መጠቀም ይገባል። በቤት ውስጥ ማስቀመጥም አይገባም።

በቤት ውስጥ ድንገት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር በብዙ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ከታየና እንዲህ ያለ ክኒን መኖሩ ከታወቀ፣ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፤ በርና መስኮት ይከፈት። ሕመምተኞቹ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ወተት ወይም ዘይት ማጠጣት፣ ማስታወክም አይገባም።

8. የዓመቱ የሥራ ቅደም ተከተል

የካቲትና መጋቢት፦ ጣሪያና ታዛ ይጠገን፣ ቦይ ይቆፈር፣ ግድግዳ ይመረግ።

ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ፦ በየሁለት ሳምንቱ ከጎተራው ከላይ፣ ከመካከልና ከታች 100 ፍሬ እየተወሰደ ይቆጠር። የተበሳ ፍሬ ቁጥሩ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከጨመረ እህሉ ወጥቶ ይሰጣ፣ ይነፋ፤ የተጎዳው ቀድሞ ይበላ።

ነሐሴና መስከረም፦ አሮጌ እህል ይጨረስ። ጎተራው ይጠረግ፣ ጥራጊው ይቃጠል፣ የአይጥ መከላከያው ይታይ፣ ዙሪያው ይታጨድ፣ ወጥመድ ይጠመድ።

ጥቅምትና ኅዳር፦ በቆሎው በወቅቱ ይሰብሰብ፤ በሦስት ይመደብ፤ ወደ ማድረቂያው ይግባ።

ታኅሣሥና ጥር፦ ይፈልፈል፣ ይሰጣ፣ በጨው ይሞከር፣ ይከተት።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት ሥራዎች በአንድ ሰው ብቻ የሚፈጸሙ አይደሉም። ጎተራውን የሚሠራው አባወራ፣ እህሉን በየቀኑ እየቀነሰች የምታየው እማወራ፣ በቆሎውን የሚመርጡትና የሚፈለፍሉት ልጆች ሁሉ ድርሻ አላቸው። የእህል መንቀዝን፣ የጎተራ መሞቅንና የሽታ መለወጥን ቀድማ የምታውቀው ብዙ ጊዜ እማወራዋ ስለሆነች፣ ስለ ጎተራ በሚሰጥ ምክርና ትምህርት ላይ መገኘት ይኖርባታል።

ጎረቤትም እንዲሁ ነው። ነቀዝ ይበራል፤ አይጥም አጥር አያግደውም። አንዱ ቤት ጎተራውን ጠርጎ ሌላው የነቀዘውን እንደተወ ከቆየ ድካሙ ግማሽ ይሆናል። በአንድ መንደር ያሉ ቤተሰቦች በነሐሴ አንድ ቀን ቆርጠው ጎተራቸውን አብረው ቢያጸዱና ወጥመዳቸውን አብረው ቢያጠምዱ ውጤቱ የሁሉም ነው። ዝናቡን ማስቀረት አይቻልም፤ ወደ እህሉ እንዳይደርስ ማድረግ ግን ይቻላል።